የበሩ ሰዓት

አንጋፋዋ ቴክኒሺያን የሰርቨር ክፍሉን ገቢ ወጪ የሚመዘግበው የበሩ ሰርቨር አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ወደኋላ መቅረቱን ያየችው ሪፖርቱን ለአለቃው ከላከች በኋላ ነው። የእጅ ሰዓቷ አሥር ተኩል ይላል፤ ስክሪኑ አሥር ከአሥራ አንድ።

ሪፖርቱ አጭር ነበር። ዋናው ሰርቨር ትናንት ዘጠኝ ከአርባ ላይ ሥራ አቁሞ ወደቀ። የበሩ መዝገብ እንደሚለው አዲሷ ሠራተኛ በካርዷ የገባችው ዘጠኝ ከሠላሳ ስምንት ላይ፣ ከመውደቁ ሁለት ደቂቃ በፊት ነው። ልጅቷ «ከወደቀ በኋላ ላስነሳው ነው የገባሁት» ብትልም ማንም አላመናት። አንጋፋዋም እንዲያምኗት አልፈለገችም።

አሥራ አንድ ዓመት ይህን ክፍል ስትጠብቅ አለቃው አንድ ቀን «ጎበዝ» ብሏት አያውቅም። አዲሷን ግን በአራተኛ ወሯ ስብሰባ ይዟት ይገባል። «ቀድሞ ከበቀለ ጆሮ በኋላ የመጣ ቀንድ በለጠ» ብላ ለባሏ ብትነግረው፣ «አንቺ ብቻ እንዳትወጊያት» ብሎ ሳቀባት። እሷ ግን ተባርራ፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ስትቀር ነበር የሚታያት።

የሰዓቱን ፋይል ከፈተችው። ሰርቨሮቹ ሁሉ ሰዓት የሚቀበሉት ከአንድ ሰርቨር ነው። አምና እሱ ሲቀየር አዲሱን አድራሻ በየፋይሉ ያስገባችው ራሷ ናት። የበሩ ሰርቨር ግን አሮጌውን እንደያዘ ቀርቷል። የሰዓቱ ፕሮግራም መሥራቱን አይታ አለፈችው እንጂ መልስ የሚሰጠው መኖሩን አላየችም። ዓመት ሙሉ ከሌለ ሰው ሰዓት ሲጠይቅ ከርሟል።

አንድ መስመር ናት። ዝም ብላ ብታስተካክላት ማን ያውቃል?

አዲሷ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

«እትዬ፣ አለቃ ነገ ካርድሽን ይዘሽ ቢሮ ነይ አለኝ።»

«ምን ሊልሽ?»

«ሊሸልመኝ ይሆናላ።» ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። «ለእማዬ ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

አንጋፋዋ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት። «ነይ እስቲ፣ ይህን ሰዓት እዪው።»

ልጅቷ ስክሪኑንና ስልኳን አመሳከረች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደመረች። «የገባሁት ለአሥር ሦስት ጉዳይ ላይ ነው ማለት ነው። ከወደቀ አሥራ ሰባት ደቂቃ በኋላ።» ዞር አለች። «ማን ነው ያዋቀረው?»

«እኔ።»

አዲሷ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበች።

«ላስተካክለው?» አለች ቀስ ብላ። «በአንዴ ወደ ትክክለኛው ሰዓት ካላዘለልነው በራሱ ቀስ እያለ እስኪደርስ ቀናት ይፈጃል።»

የልጅቷ ማወቅ አንጋፋዋን አሁንም አንጀቷን አሳረራት። «ቆይ፤ መጀመሪያ ፎቶ አንሺው። ማስረጃሽ ነው።»

አንጋፋዋ ፎቶውን አያይዛ ለአለቃው ሁለተኛ ሪፖርት ጻፈች፦ «ስህተቱ የእኔ ነው። ልጅቷ የገባችው ልታስነሳው ነው።» ላከችው። ነገ ካርዱን መልስ የሚባለው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጡ። በሩ ቀን በካርድ ይከፈታል፤ ሲመሽ ግን በቁልፍ ይዘጋል። አንጋፋዋ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ለማንም ሰጥታ አታውቅም።

«እንቺ፣ ዝጊው።»

«እኔ?»

«ሁለቴ አዙሪው። አንዴ አይዝም።»

ልጅቷ ሁለቴ አዞረችው። አንጋፋዋ እንደ ልማዷ መዘጋቱን ለማየት እጀታውን ልትስብ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መልሳ ኪሷ ከተተችው።