የቀኝ ጎኗ

የሻሽወርቅ ለባሏ ለከፈለ ጀርባዋን መስጠት የጀመረችው ከፋሲካ በኋላ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ፣ ወደ እሱ ዞራ እጇን ደረቱ ላይ ጣል አድርጋ ነበር የምታሸልበው። አሁን ግን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አሥረኛ ፎቅ ላይ ያለው አፓርታማቸው ውስጥ ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። መጋረጃው ነፋስ ሲገባው ይነፋል፣ ሲወጣለት ይረግባል። ከታች ባቡር ያልፋል። ከፈለ የነጠላዋን ጥለት እያየ፣ ተኝቶም ሳይተኛም፣ አልጋው በቀስታ ይዞት የሚሄድ ይመስለዋል።

በዚያ ሰመመን ውስጥ ጥፋቱን ይፈልጋል። ለማግኘትም አልተቸገረም። በፋሲካ ዕለት ልጃቸው ብስራት፣ «አሌክሳንድሪያ እኔ ጋ ሙቭ አድርጉ፣ ቤዝመንቱን ሪኖቬት አድርጌዋለሁ፣ እዚያ ትኖራላችሁ» ስትላቸው፣ «እኔ ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው!» ብሎ ገበታው ላይ ጮኾ ነበር። የሻሽወርቅ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። የልጅ ልጆቿን ከለከልኳት፣ ልቧ ሸፍቶብኛል፣ አለ ለራሱ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንዲህ ሆድ ሲብሰው ማየት ያስቃል፤ እሱን ግን አላሳቀውም። ደግሞ ኩራቷ! ሲጠራት አንገቷን ብቻ አታዞርም፤ መላ ሰውነቷን ይዛ፣ እንደ እመቤት ቀስ ብላ ነው የምትዞረው። ስኒ ለማውረድ እንኳ ወደ መደርደሪያው ቀና አትልም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አላስቻለውም። ለብስራት ደወለና እሺ አላት። ከዚያ ከነጠላው ጀርባ ተጋደመ።

«የሻሽዬ፣ አሌክሳንድሪያ እንገባለን። ለልጅሽ ነግሬያታለሁ።»

የሻሽወርቅ ደንግጣ ወደ እሱ ዞረች። ስንት ሳምንት የናፈቀው ፊት ከፊቱ ሆነ፤ ግን ዓይኖቿ ይርገበገባሉ፣ ፊቷ አመድ መስሏል። «ያዘኝ፣ ቤቱ ዞረ!» አለችና ሸሚዙ ላይ አስመለሳት።

ብስራት እየበረረች መጣች። መኪና ውስጥ፣ «እማዬ፣ የፕሬሸር ኪኒንሽን በባዶ ሆድ ወስደሽ ነው? ውኃ አልጠጣሽም?» እያለች ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ሐኪሟ አነጋገሯን፣ እጆቿን፣ አረማመዷን ፈተሸችና ስትሮክ አይደለም አለች። ከዚያ በቀኝ በኩል አስተኛቻት፤ ዓይኖቿ እንደገና ተርገበገቡ። በጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅ ደቃቅ ጠጠር አለ፣ ዕድሜ ሲገፋ ከቦታው ይወጣል፣ ጭንቅላት በዘነበለ ቁጥር እየተንከባለለ ቤት የሚዞር ያስመስላል ብላ አስረዳች፤ ብስራት ተረጎመች።

«መቼ ጀመረሽ?» አለች ብስራት።

«ከፋሲካ ወዲህ። በቀኝ ጎኔ ስተኛ ብቻ።»

ከፈለ የሚተኛው በቀኟ ነው። ወንበር ስቦ አጠገቧ ቁጭ አለ። «ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ይቺ ልጅህ ከሰማች ይዛን ትሄዳለች ብዬ ነዋ። አንተ ደግሞ ቤትህን ትወዳለህ።»

ሐኪሟ የየሻሽወርቅን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዞረችው፤ ጠጠሩን ወደ ቦታው መመለሷ ነው። ክፍሉ ሲዞርባት የሻሽወርቅ የባሏን ኮሌታ ጨምድዳ ያዘች። ሲበርድላት እንኳ አልለቀቀችውም።

በማግስቱ ምሳ በልተው ጋደም አሉ። የሻሽወርቅ ትንፋሿን ይዛ፣ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ዞረች።

«ዞረብሽ?»

«ትንሽ። አሁን ቆመ።»

መጋረጃው ተነፋ፣ ረገበ። ከፈለ የሚፈራውን ጠየቀ፦ «ብስራት መቼ ትመጣላችሁ እያለች ነው። ምን ልበላት?»

የሻሽወርቅ እጇን ደረቱ ላይ ጣል አደረገች፤ ዓይኗም ተከድኗል።

«ሁለት ቃሬዛ ታዘጋጅ በላት።»