የማክሰኞ ሟች

የክትባት መጋዘኑ ጄኔሬተር ባለሙያ ነኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ መብራት በጠፋ ቁጥር የምጠራው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጄ የተወለደች ቀን እንኳ ሞተሩ ሥር ነበርኩ። ማቀዝቀዣዎቹ ለሰዓታት ኃይል ካጡ ክትባቱ ይበላሻል፤ ሞተሩ ደግሞ አመለኛ ነው፣ መጀመሪያ በእጅ ፓምፕ ከነዳጅ ቱቦው አየሩን ካላስወጡለት አይነሳም። ይህቺን ዘዴ ለማንም ነግሬ አላውቅም። እውነቱን ልናገርና፣ መፈለጌ ደስ ይለኝ ነበር።

አዲሷ አለቃችን ልጄን ብታክል ነው። እንደመጣች አንድ ልማድ ጀመረችብን፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከመካከላችን አንዱ "ይሞታል"። ሟቹ ወንበር ላይ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ሌሎቻችን ሥራውን እንሠራለን። "ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ትለናለች ነጋ ጠባ። እኔ ግን በሆዴ፣ ሎሚው ታድሎ ሲያልቅ እኔን ማን ሊፈልገኝ ነው እል ነበር።

ተራዬ ደረሰና ሞትኩ። ሾፌሩ፣ ጸሐፊዋና የጽዳት ሠራተኛዋ ሞተሩን ከበው አርባ ደቂቃ ታገሉት። ያስላል፣ ይጠፋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ላቧን እየጠረገች ዞር አለችና፣

"ጋሼ፣ አንድ ቀን የምር ቢያምዎትስ?" አለችኝ።

ሟች አይመልስምና ዝም አልኩ። ግን አፈርኩ። በማግስቱ ቀይ ቀለም ይዤ መጣሁና በሞተሩ እጀታዎች ላይ እንደ ቅደም ተከተላቸው ቁጥር ጻፍኩ። ፓምፑንም ለሦስቱም አሳየኋቸው፤ የጽዳት ሠራተኛዋማ ያለ እኔ ብቻዋን እስክታስነሳው ድረስ ተለማመደች።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ልጄን ምጥ ያዛትና ከሥራ አስፈቅጄ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። እናቷ በሕይወት የለችም፣ ያለኋት እኔ ነኝ። ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የከተማው መብራት ድርግም አለ። ከመጋዘኑ ይደውሉልኛል ብዬ ስልኬን አወጣሁ። አይጠራም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፣ አይጠራም። ልሂድ ብዬ ተነሳሁ፣ ከውስጥ ልጄ ስትጮኽ ሰማኋትና መልሼ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ አላስችል ሲለኝ እኔው መጋዘኑ ደወልኩ።

ያነሳችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከኋላዋ ሞተሩ ይጮኻል፣ ድምፁ ጤነኛ ነው።

"ጋሼ፣ ዛሬ ሟች እርስዎ ነዎት" አለችኝ። "ሟች ደግሞ አይደውልም። ልጅዎ ጋ ይሁኑ።" ዘጋችብኝ።

በሕይወቴ ስልክ ተዘግቶብኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስልኩን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት። ወዲያው አዋላጇ በሩን ከፍታ፣

"የወላዷ አባት አሉ?" አለች።

"አለሁ" አልኩ።