ቆሎ የዘገነ ጓንት

ማሬ ዐረብ አገር አራት ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ የመጣች የጋፋት ልጅ ናት። ደብረ ታቦር ገብታ ሥራ ከጀመረች ገና ስድስት ወሯ ነው። ግራ ክንዷ ላይ የዐረብ አገር አሠሪዋ ተቆጥታ ያሳረፈችባት የካውያ ጠባሳ አለ። ያየው ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት ሰለቻት። ጓደኛዋ ሊድያ «በአበባ ንቅሳት አስሸፍኚው፤ የአክስቴ ልጅ ፈንታሁን ይሠራልሻል» አለችና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይዛት ሄደች።

ፈንታሁን የወንዶች ፀጉር ቤት አለው፤ ንቅሳቱን የጀመረው በቅርቡ ነው። ማሬን ገና ስትቀመጥ ቀፈፋት። የወንበሩ መደገፊያ በሰው ላብ ወዝቶ ይጣበቃል። ክንዷን የላጨበትን ምላጭ ከጠረጴዛው ላይ ነው ያነሣው፤ ጠርዙ ላይ የሌላ ሰው ጢም ተለጥፎበታል። ቀለሙ በለስላሳ ቆርኪ ተቀድቷል፤ ጠጋ ብላ ስታይ ላዩ ላይ ቀይ ነገር ሰፍፏል።

«ከእኔ በፊት ሰው ነበር እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

«አንድ ልጅ ሠርቼ አሁን መሸኘቴ ነው። ቀለሙ ገና አላለቀም፣ አይዞሽ።»

ጓንትስ አድርጓል። ግን በዚያው ጓንት ስልክ አነሣ፣ አፍንጫውን አከከ፣ ከጣሳ ቆሎ ዘግኖ ቃመ። መርፌውን በአፉ እፍ አለና በጥቁር ጨርቅ ጠረገው። ጨርቁ ድሮም ጥቁር ይሁን በደም የጠቆረ፣ ማሬ አላወቀችም።

ተነሥታ መውጣት ነበረባት። ሊድያ ግን አጠገቧ ቆማ ፈገግ ትላለች፤ ሰውየው ዘመዷ ነው። «ዐረብ አገር ደርሳ መጥታ ተጸየፈችን» እንዳትባል ፈራች። ዓይኗን ጨፍና ክንዷን ሰጠችው።

«ለጋ ቅቤ ቀቢው፣ ቶሎ ይደርቃል» ብሎ ሸኛት።

በአራተኛው ቀን ክንዷ አብጦ እጅጌ አላስገባ አለ። አበባው ከቅጠሉ ሥር እዥ ያወጣ ጀመር። ቅቤው ከመግሉ ጋር ተቀላቅሎ ሲሸታት የገዛ ገላዋን ተጸየፈችው፤ ስትበላ እንኳ ክንዷን ከጀርባዋ ትደብቃለች። ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጣት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ነርሷ፣ ሲስተር እመቤት፣ ክንዷ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ስትፈታ ፊቷን ቋጠረች። ቁስሉን እያጠበች እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ማሬም ያየችውን ሁሉ ነገረቻት።

«ይኼን ሁሉ እያየሽ?»

«እያየሁ፣ ሲስተር። ይሉኝታ ይዞኝ።»

«መርፌው ከእሽጉ ሲወጣ በዓይንሽ ማየት ነበረብሽ። ቀለሙም ላንቺ ብቻ ተቀድቶ የተረፈው የሚደፋ ነው። ቅቤ ደግሞ ቁስል ላይ ምን ያደርጋል? ይኼ በመድኃኒት ይድናል። በደም የሚተላለፈው ግን፣ የጉበቱም የሌላውም፣ ቶሎ ላይታይ ይችላል። ዛሬ ተመርመሪ፤ ከሦስት ወር በኋላም ትመለሻለሽ።»

ማሬ እዚያው ደም ሰጥታ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች። ወንበሩ ላይ አንዲት ተማሪ አንገቷን ልትነቀስ ተቀምጣለች። ማሬ ፋሻዋን ገለጠች። ልጅቱ አፏን በእጇ ይዛ ወጣች።

«ምነው ማሬ! እንጀራዬን ልትዘጊ ነው?» አለ ፈንታሁን።

«አሽትተው» አለችና ክንዷን አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት።

ወደ ኋላ ሸሸ፤ ግድግዳው ያዘው። የራሱን እጅጌ ሰበሰበ። ክንዱ ከአንጓው እስከ ክርኑ በመስቀልና በፊደል ተሞልቷል።

«ሁሉንም በዚያው መርፌ ነው የተለማመድኩት» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «ደንበኛ ሠርቼ ስጨርስ።»

ማሬ ልትሰድበው ነበር የመጣችው።

«ና» አለችው። «ሲስተር ሳትወጣ እንድረስ።»

ማሽኑን ነቀለ፣ ቀለሙን ደፋ፣ በሩን ዘጋ። አስፋልቱን ሲሻገሩ አንድ ባጃጅ መጣባቸውና ፈንታሁን ሊይዛት እጁን ሰደደ፤ ማሬ ሳታስበው ሸሸችው። አልተቀየማትም። ሳይነካኩ፣ ጎን ለጎን ወደ ጤና ጣቢያው ወጡ።