ስኳር ያልገባበት ብርዝ

መጀመሪያ የተሰማው የጠርሙስ መንኳኳት ነው፤ በቤዝመንቱ ደረጃ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። የኔነሽ ማን እንደመጣ ሳታይ ልቧ ድንግጥ አለ። ባዶ ጠርሙስ ሲነካካ ይጮኻል፤ ይሄ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ሙሉ ነው። ሙሉ የብርዝ ጠርሙስ ደግሞ ሊሸጥ ከዚህ ቤት ይወጣል እንጂ ተመልሶ አያውቅም።

ወንድሟ ኢሳያስ ሣጥኑን ወለሉ ላይ አሳርፎ ወገቡን ያዘ።

«ብሉር ጎዳና ላይ ያለው ሱቅ ሪተርን አደረገው። ጠርሙሱ ፊት ላይ ‹ስኳር የበዛበት› የሚል ምልክት ካልለጠፋችሁ አልሸጥም አለ። የመንግሥት አዲስ ሕግ ነው።»

«እኔ አንዲት ማንኪያ ስኳር ጨምሬ አውቃለሁ?»

«ማሩን ነው፣ እትዬ። ብርዝ ውስጥ ሲገባ ለእነሱ ያው ስኳር ነው። ‹ስኳር ያልገባበት› ብለሽ የጻፍሽውም ይነሣ ተብሏል።»

«እንግዲያው ንቧን ይክሰሷት።»

ኢሳያስ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ያስጨነቃት ሱቁ አይደለም፤ ጋሽ ራጉኤል ናቸው።

ጋሽ ራጉኤል የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፣ የስኳር ሕመምተኛ። ጠጅ በማይቀመስበት የጴንጤ ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ የየኔነሽን ብርዝ ሲያነሣ፣ እሳቸው ውሃቸውን ይዘው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን አንጀቷን በሉትና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማር ነው። ማር መድኃኒት እንጂ በሽታ ሆኖ ያውቃል?» አለቻቸው። እናቷም የሚሉት ይህንኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሻይ በስኳር እርም ብለው፣ ጠዋት ማታ የእሷን ብርዝ ይጠጣሉ። ብርዱ ከገባ ጀምሮ ግን እግራቸው ላይ የወጣች ቁስል አልድን ብላለች። የኔነሽ ስለዚያች ቁስል ጾማ ጸልያለች።

«ለጋሼ ማን ይንገራቸው?» አለች።

«ሐኪም አላቸው አይደል? አንቺ ዝም በይ።»

«ሐኪሙ ጣፋጭ ይወስዳሉ ወይ ሲላቸው፣ የለም ነው የሚሉት። የሚዋሹ መሰለህ? የእኔን ቃል አምነው ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ራጉኤል እንደ ልማዳቸው ብርዛቸውን ሊወስዱ መጡ። ሶፋው ላይ ተቀምጠው በፋሻ የተጠቀለለ እግራቸውን ዘረጉ።

«ሁለቱን ጣቶች እንቆርጣለን አሉኝ» አሉ፣ ስለ አውቶቡስ መዘግየት እንደሚያወራ ሰው። «ዕድሜ ልኬን ጫማ ሲጠብበኝ ኖሬ ይኸው ሊሰፋልኝ ነው።»

የኔነሽ መሬት መሬት እያየች ነገረቻቸው።

«ማሩ ያው ስኳር ነው አሉ፣ ጋሼ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ሕጉ አዲስ ነው። ማሩ ግን ድሮም ያው ነበር።»

ዓይናቸውን ወደ ብርዙ ሣጥን መለሱ። ይቅር ይበሏት፣ ይርገሟት፣ አንዲት ቃል ጠበቀች፤ ቢሰድቧት እንኳ ይቀላት ነበር። ጉልበታቸው ላይ ልትደፋ ስትል፣ እንደ ሁልጊዜው ከሣጥኑ ሁለት ጠርሙስ አንሥተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ኧረ ይተዉት፣ ጋሼ። ምን ያደርግልዎታል?»

ምርኩዛቸውን ይዘው ደረጃውን እያረፉ ወጡ፤ በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት።