የሰርቪስ ደብተሩ ከቤት አይወጣም

አይከፍልም፣ ምን ሲደረግ፣ የሦስት ዓመት ዋስትና ብለው በትልቁ ጽፈው መኪናዋን ሸጠውለት፣ ሦስት ዓመቱ ሳይሞላ ሞተሩ መንገድ ላይ ጓ ብሎ ሲቆም አይመለከተንም ይበሉት፣ የጥገናውን ሒሳብ እንደገና ያጥፈዋል፣ እንደገና ይዘረጋዋል፣ ቁጥሩ አልቀነሰም። አዲስ ሞተር፣ የእጅ ዋጋ፣ ከሥሩ በቀይ፣ ሦስተኛው ሰርቪስ ስላልተደረገ ዋስትናው አይሸፍንም። የስምንት ወር ደሞዙ በአንድ ገጽ።

የጋራዡ መጠበቂያ ክፍል ወንበሮች እርስ በርስ በብሎን የተያያዙ ናቸው፣ አንዱ ሲነሳ ሁሉም ይናወጣል፣ ከጎኑ ያለችው ሴት ጎማዋ ደርሶ እንደሆነ ለማየት ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ አርፈሽ ቁጭ በይ እንጂ እቴ፣ አይላትም፣ በሆዱ ነው የሚለው፣ ቁጣው በሷ አይደለም።

በልጁ ነው። ጋራዡ ያው ጋራዥ ነው፣ ነጋዴ ነው፣ ከሱ ምን ይጠበቃል፣ የገዛ ልጁ ግን ዐይኗን በጨው አጥባ፣ አባዬ አሠርቻለሁ፣ ኮሌጁ አጠገብ ባለው የራሳቸው ቅርንጫፍ፣ እመነኝ። የታለ ማህተሙ ታዲያ? ደብተሩን እናቷ ፊት ገልጦ አሳያት፣ አንደኛ ሰርቪስ ማህተም፣ ሁለተኛ ማህተም፣ ሦስተኛ ባዶ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ባዶ ቦታ ምን እንደሚል ያውቃል፣ ስንቱን ባለጉዳይ ማህተም የለውም ነገ ና ብሎ መልሷል፣ ለዘመድም ቢሆን፣ ለልጅም ቢሆን፣ ያልተጻፈ አልተደረገም። ቅርንጫፉ ደግሞ ተዘግቷል፣ መዝገቡም ወደ ዋናው አልተዛወረም፣ ጥሩ መሸሸጊያ አገኘች። ያን ቀን ከጓደኞቿ ጋር ስትዞር ውላ ይሆናል፣ ይሆናል ምን ያስፈልጋል፣ ነው። ይኸው ሦስት ሳምንት አክስቷ ቤት ናት። ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ አላለቀሰችም፣ እሱ ነገር ነው ያልተዋጠለት፣ ጥፋተኛ ያለቅሳል።

ደብተሩ እንኳ እንዴት ያለ ደብተር ነው፣ ሌላው ሰው መኪናው ውስጥ ከብስኩት ፍርፋሪ ጋር ይጥለዋል፣ የሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጋብቻ ወረቀቱ ሥር፣ ጥግ እንኳ አልታጠፈም። የመኪናዋ ወንበርም ከነላስቲኩ ነው፣ በሙቀት ቀን ሚስቱ ስትወርድ ቀሚሷ ከላስቲኩ ጋር ይታገላል፣ ይሄን ለማን ነው የምትቆጥበው ትለዋለች፣ ከኛ በኋላ ለሚገዛት?

ሠላሳ ስድስት ተብሎ ይጠራል፣ የሱ ተራ ቁጥር ነው።

የዋስትና ኃላፊው ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ ከትሁት ሰው ጋር ሙግት አይመችም፣ ብትቆጣ አንተው ታፍራለህ። አባቴ ይላል፣ አባቴ እኔ በግሌ አምንዎታለሁ፣ የማያምንዎት ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩን ደግሞ በጥፊ አይሉት። እሱም የተዘጋጀበትን ያወርዳል፣ ከላይ በተጠቀሰው ርዕስ መሠረት፣ የውሉ አንቀጽ አራት እንደሚደነግገው፣ ወጣቱ ራሱን በአክብሮት ይነቀንቃል፣ አንቀጽ አምስትንም ያነባሉ አባቴ? ያነባል። አንቀጽ አምስት ደብተሩ በየሰርቪሱ መቅረብና መታተም አለበት ይላል።

ሞተሩን በዐይኔ ካላየሁ አልፈርምም ይላል እሱ። ለምን እንዳለው አያውቅም። ስለ ሞተር የሚያውቀው ኮፈኑ ሥር መኖሩን ነው፣ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ፣ ተነስተው ወደ ሥራው ቦታ ይሄዳሉ፣ ዘይት፣ ብረት፣ የጎማ ሽታ፣ መኪናዋ ማንሻው ላይ ከፍ ብላ ሆዷን አሳይታ ተንጠልጥላለች፣ ሲያያት ሆዱ ይባባል፣ ወይ የኔ ነገር፣ ለብረት።

ከሥሯ የቆመው መካኒክ ሸበቶ ነው፣ ሁሉም ጋሼ ይሉታል፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ኃላፊውን አየት ያደርግና ድምፁን ዝቅ አድርጎ የዘይት ፓምፑ ነው ይላል፣ ሲፈጠር ጀምሮ ደካማ ነበር፣ የሰርቪስ ነገር አይደለም። ኃላፊው አልሰማም። ወይ ሰምቶ አልሰማም። መካኒኩ መብራቱን ወደ ላይ ያዞራል፣ ጥቁር ቆርቆሮ ነገር፣ የዘይት ፊልትሮ ነው ይለዋል፣ አቧራውን በጨርቁ ጠረግ ሲያደርገው ከሥሩ ነጭ ጽሑፍ ብቅ ይላል፣ ቀን፣ ወር፣ ኪሎ ሜትር።

ማነው የጻፈው?

እኔ ነኝ፣ ይላል መካኒኩ፣ ፊልትሮ በቀየርኩ ቁጥር ቀኑን እላዩ ላይ እጽፋለሁ፣ ሙያውን ያስተማረኝ ሰው እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ እዚህ ይስቁብኛል። ያኔ የተዘጋው ቅርንጫፍ ነበርኩ። አንዲት ልጅ ናት ያመጣቻት፣ ወንበሩ ላስቲክ አለው፣ ስገባ ስወጣ ይንጫጫብኝ ነበር። ማህተም ላድርግልሽ ደብተሩን ስጪኝ ብላት አባቴ ጋ ነው፣ ከቤት አይወጣም፣ ለምኜው ነገ አመጣለሁ አለችኝ። ሳትመጣ ቀረች። በሳምንቱ ቅርንጫፉ ተዘጋ።

ቀኑን ያነበዋል። ደግሞ ያነበዋል። ልጁ አሠርቻለሁ ያለችው ቀን ነው።

ከቤት አይወጣም፣ ቃሉ የሱ ነው፣ አንድም ፊደል አልተለወጠም፣ እና ያ ምሽት ከየት መጣ፣ የት ነበር እስከ ዛሬ፣ ዜና እያየ ነበር፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ አባዬ የሰርቪስ ደብተሩን ስጠኝ ማህተም ይፈልጋሉ፣ በዚያ በዘይት እጃቸው ሊነካኩት ነው? ተይው ነገ እኔ ራሴ ወስጄ አስመታዋለሁ፣ እሺ አባዬ፣ አትረሳም? እኔ? እኔ ነኝ የምረሳው? ሳቀች። ሳቋ ራሱ ትዝ አለው። ይሄን ሁሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ የት ደብቆት ነበር? አልዋሸም እኮ፣ ረስቶ ነው፣ ግን የረሳ ሰው ምነው እንደዚያ በእርግጠኝነት ጮኸ። አፍሯል፣ ሌላ ስም የለውም።

ኃላፊው ቢሮ ተመልሰው ቅጽ ያወጣለታል፣ በቀለም የተጻፈ ማህተም አይሆንም አባቴ፣ ግን መውጫ አለው፣ ደብተሩን አቅርቤ ሠራተኛው ማህተም ማድረግ ረስቶ ነው ብለው ይጻፉ፣ ዛሬውኑ አጸድቀዋለሁ፣ ሞተሩ በነጻ ይገባል። ሠራተኛውስ? ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፣ ቀላል ነው። መካኒኩ ምስክርነቱን ሊፈርም አብሯቸው ገብቶ በሩ አጠገብ ቆሟል፣ ጨርቁን አጣጥፎ እንደገና ያጣጥፈዋል።

ስምንት ወር ደሞዝ። አንድ መስመር ነው፣ ረስቶ ነው፣ ማን ረሳ የሚለውን ብቻ ማዛወር፣ በዚህ ብዕር በሕይወቱ ሐሰት ጽፎ አያውቅም፣ ይሄንንም ቢሆን ሲኮራበት ኖሯል፣ በአፍ ግን? በአፍማ ልጁን ሌባ ለማለት ምንም አልቀረው። ይጽፋል። ተሽከርካሪውን በተጠቀሰው ቀን ልጄ አቅርባ ሰርቪስ አስደርጋለች። ደብተሩን የከለከልኳት እኔ ነኝ። ሠራተኛው ጠይቋል፣ ጥፋት የለበትም። ኃላፊው አንብቦ ይተነፍሳል፣ እንዲህ ከጻፉ እኔ አልወስንም፣ ወደ በላይ አካል ይሄዳል፣ ላይቀበሉት ይችላሉ አባቴ። ይሂድ።

ግቢው ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያወጣል፣ የሚለውን በተራ ቁጥር አዘጋጅቷል፣ በሦስተኛው ጥሪ ታነሳለች፣ ደህና ነህ አባዬ፣ ተራ ቁጥሩ ሁሉ ይጠፋዋል። ፊልትሮው ላይ ቀኑን አየሁት፣ ይላታል፣ አሠርተሻል፣ ደብተሩንም ጠይቀሽኝ ነበር፣ ነገ ብዬ የረሳሁት እኔ ነኝ። በጀርባዋ የሆነ ውሃ ሲወርድ ይሰማል፣ ዕቃ እያጠበች ነው መሰል፣ ቧንቧውን ትዘጋዋለች። አጥፍቻለሁ ልጄ።

እኔማ ማሠራቴን አውቃለሁ አባዬ፣ ትላለች፣ አልተቆጣችም፣ ድምጿ የደከመ ነው። ለማያውቁት ንገራቸው።

ትዘጋዋለች። ለማያውቁት። እናቷ አለች፣ አክስቷ አለች፣ ማታ ደውሎ ልጅ አሳድጌ ጉድ ሆንኩ ያላት፣ ጎረቤቱ፣ ቢሮ ውስጥ ሦስቱ፣ አይ አራቱ፣ የዛሬ ልጅ እንዲህ ነው እያሉ ያጽናኑት፣ እነሱን በስም ያውቃቸዋል፣ ቤታቸውን ያውቃል፣ ይሄዳል፣ ይነግራቸዋል፣ ፀጉር አስተካካዩም አለ፣ ስሟን ጠርቶ ነው የነገረው፣ ያኔ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሳቁ፣ ስንት ነበሩ፣ አምስት? አንዱ መነጽር ነበረው፣ የሌሎቹን ፊት አላየም፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ እነሱን ከየት ያመጣቸዋል፣ መነጽር ያለው ሰው ስንት ነው በዚህ ከተማ። የሚስቱን ቁጥር ይነካል። ይጠራል።