እልልታ የማያወጣ ስፒከር

ናጅዋ ከመርሳው ሚኒባስ ወልድያ መናኸሪያ ስትወርድ ስፒከሩን በጥቁር ፌስታል አንጠልጥላለች። ልትመልሰው ነው። ይሄ ሦስተኛው መሆኑ ነው። መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም ድካሙ፤ ሰው ዕቃ ሊመልስ ሲሄድ መንገድ ይረዝምበታል እንጂ። ከጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ የቲማቲም ሳጥኗን ጭኗ ላይ አሳርፋባት፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ ሲጮህባት፣ ዕቃው እንዳይጨፈለቅ እንደ ሕፃን አቅፋው ነበር የመጣችው። ያቺን የመርሳዋን ትንሽ የጨርቅ ሱቋንም ዘግታ ነው። በገበያ ቀን! ጤነኛ ሰው በገበያ ቀን ሱቅ ይዘጋል?

ነገሩ የአባቷ ነው። ሸህ አብዱልሐሊም በሀብሩ የታወቁ መንዙማ አውጪ ነበሩ፤ ግራናም ሆነ ውርጌሳ መውሊድ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ጉልበታቸው ከድቷቸው ከግቢ አይወጡም። በዚያን ጊዜ በሐድራው፣ በመንዙማው ስብስብ ላይ፣ ወንዶቹ ከድቤው ጋር ከወዲህ፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ይቀመጣሉ። ሸሁ ያወጣሉ፤ ሰዉ ይቀበላል፤ ቤቱ ይሞቃል። የነቢዩ ስም ከፍ ብሎ የሚነሳበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ሸሁ ቀጥ ይላሉ። ድቤውም አብሮ ይቆማል። ያኔ ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት እልልታ ትወጣለች፤ የሚስታቸው የዘሀራ እልልታ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ስብር የምትል። ሸሁ እሷን ሳይሰሙ ቀጣዩን ስንኝ አያወጡም። «ሸሁ እኮ ያለ ዘሀራ ፈቃድ አይቀጥሉም» እያለ ሰው ይቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም ስቀው ያልፉታል።

ዘሀራ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ድምጿ የተቀዳባቸው ካሴቶች በጦርነቱ ጊዜ ከነቴፑ ተወስደው ቀሩ። ድምጿ የተረፈው ናጅዋ ስልክ ላይ ነው፤ የመጨረሻ መውሊዷ ላይ የተቀዳ። ስልኩ ድምፁ ያንስባቸዋል ብላ ናጅዋ አንድ ቀን ትንሽ ገመድ አልባ ስፒከር ገዝታ መጣች። መንዙማው ክፍሉን ሞላው። ሸሁ በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ አዳመጡ። ያቺ ቦታ ደረሰች፤ የእናቷ እልልታ ወጣ፤ የናጅዋ ፊት በራ። ሸሁ ግን ስፒከሩን አፍጥጠው አዩትና፣

«እናትሽን ዘለላት» አሉ።

«ኧረ አልዘለላትም፣ አባዬ። ይኸው አሁን አለች እኮ!»

«ዘለላት አልኩሽ። ድቤው አለ፤ እኔም አለሁ፤ ሰዉም አለ። እሷ ብቻ የለችም። ይሄ ዕቃ ሴት አያወጣም።»

መለሰችውና ተለቅ ያለ አመጣች። እሱ ደግሞ ድቤው ደረት የሚመታ ሆነና «ይሄማ ጭራሽ ድቤ ብቻ ነው» አሏት። ሦስተኛው ላይ ምንም አላሉም፤ ዕቃውን በመዳፋቸው ገፋ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከነገሩ ሁሉ ይሄ አንጀቷን በላው።

ሻጩ ዮናስ ገና በሩ ላይ ሲያያት ሳቀ። ዮናስ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ጥፋቱ በዚህ ዓለም ላይ ከቤዝ፣ ከወፍራሙ ድምፅ፣ ሌላ ነገር ያለ የማይመስለው መሆኑ ነው። ስፒከር ሊሸጥ ሲፈልግ መደርደሪያው እስኪንቀጠቀጥ ይከፍተውና ደንበኛውን «እጅህን እዚህ አድርግ፤ ተሰማህ?» ይለዋል፤ ድምፅ በእጅ የሚሰማ ይመስል።

«ዛሬስ ምን አሉ?» አላት።

«ዛሬስ ዝም ነው ያሉት» አለችና ያለ ፈቃዱ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

ዮናስ አዘነላት መሰለኝ፣ ያለውን ሁሉ ከመደርደሪያ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው። ትንሹን፣ ትልቁን፣ ክቡን፣ መብራት የሚያበራውን። ስልኳን ተቀብሎ ያቺኑ ቦታ በየተራ አጫወተባቸው። አንዱ ድቤውን ያጎላል፤ አንዱ የሰዉን ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚወጣ አድርጎ ያፍነዋል፤ አንዱ ጥርት ያለ ነው ግን ይጮሃል። ዘሀራ ግን ከሁሉም ወጣች። ከሁሉም! ናጅዋ እናቷን እንዲህ ደጋግማ በሰው ሱቅ ውስጥ፣ በባጃጅ ጡሩምባ መሀል መስማቷ ደስታ ሊሆን ይገባው ነበር፤ ያመጣባት ግን ድካም ነው።

ዮናስ ሁሉንም ካጠፋ በኋላ ጆሮውን አከክ አከክ አደረገ።

«እህቴ፣ ከነገርኩሽ አትቀየሚኝም?»

«ተናገር።»

«ስፒከሩ አይመስለኝም። የኔ አያት እንዲሁ ናቸው። ወፍራሙን ድምፅ ይሰማሉ፤ ቀጭኑን አይሰሙም። እኔ ስጠራቸው አቤት ይላሉ፤ እህቴ አጠገባቸው ቆማ ብትጠራቸው ዝም ነው። እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል።»

ናጅዋ ስልኳን ከጠረጴዛው አነሳች። የሚያውቁትን ነገር ከሰው አፍ መስማት ያናድዳል። ባለፈው ሰሞን አባቷ ማንጎው ሥር ተቀምጠው «ዘንድሮ ወፉ ሁሉ የት ገባ?» ብለው ሲጠይቋት፣ ከራሳቸው በላይ ወፎቹ ቅርንጫፉን በጫጫታ ሊያወርዱት ደርሰው ነበር። ያን ቀን ገብቷታል። ገብቷትም ስፒከር ትለዋውጥ ጀመር፤ ምክንያቱም ስፒከር ይለወጣል። ጥፋቱ የዕቃው እስከሆነ ድረስ ዘሀራ አንድ ቦታ አለች፤ የሚያወጣት ዕቃ መፈለግ ነው። ጥፋቱ የጆሮ ከሆነ ግን አባቷ ሚስታቸውን ሁለተኛ ሊቀብሩ ነው። ይህን ደግሞ የምትነግራቸው እሷ ናት።

ዮናስ ከጥግ አንድ አቧራ የለበሰ ስፒከር አነሳ። «ይሄን ውሰጂ። ቤዝ የለውም፤ ማንም አልወስድ ብሎኝ ነው። ቀጭን ድምፅ ግን እንደሱ የሚያወጣ የለም። ካልሆነ በቃ ንገሪያቸው።»

ንገሪያቸው። ሚኒባሱ ሲሪንቃን እስኪያልፍ ድረስ ናጅዋ በከንፈሯ ተለማመደችው። አባዬ፣ ስፒከሩ አይደለም፤ ጆሮዎ ነው። ጨካኝ ሆነባት። አባዬ፣ ሐኪም ቢያይዎትስ? ይሄ ደግሞ ውሸት ሆነባት፤ ሐኪም ቤት ወስዳቸው ነበር፤ ደም ግፊታቸውን ለክተው ሸኝተዋቸዋል። መርሳ ስትደርስ ተስፋ ቆርጣ የመጀመሪያውን መረጠች። ዛሬ፣ ይሄኛውም ካልሆነ፣ ትነግራቸዋለች።

ቤት ስትገባ ሸሁ የአስርን ሶላት ሰግደው ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከእግሯ ጀምረው ቀስ ብለው አዩዋት፤ አቧራ የጠጣ ጫማዋን፣ የተዛነፈ ሻሿን።

«ሱቁን ዘግተሽ ነው የሄድሽው?»

«ገበያው ቀዝቅዞ ነው፣ አባዬ።»

«ገበያው እዚህ ድረስ ሲንጫጫ ዋለኮ። ደከመሽ አይደል?»

«አልደከመኝም።»

«በይ እንግዲያ አውጪው።»

መብራት የለም፤ ስፒከሩ ግን ባትሪ አለው። ፊት ለፊታቸው አስቀመጠችውና ስልኳን ከፈተች። ቅጂዎቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ናቸው፤ ዐይኗም ዝሏል፤ አንዱን ነካች። ድቤው ተነሳ፤ እውነትም ቤዝ የለውም፤ የሸሁ የያኔ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ክፍሉ ውስጥ ቆመ። ናጅዋ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ የምትናገረውን በልቧ ታመላልስ ጀመር። ሸሁ በሌላው ጊዜ ስፒከሩን ነበር የሚያዩት። ዛሬ የሚያዩት እሷን ነው።

ያቺ ቦታ ደረሰች። በቅጂው ሸሁ ቀጥ አሉ፤ ድቤው ቆመ።

«ይችው!» አሉ ሸህ አብዱልሐሊም እጃቸውን ብድግ አድርገው። «መጣች! ይችው እናትሽ!»

ናጅዋ ክው አለች። እሷ ምንም አልሰማችም። መጀመሪያ የራሷን ጆሮ ጠረጠረች፤ ቀጥሎ ስልኩን አየች፤ የነካችው ቅጂ ሌላ ነው። ከዘሀራ ሞት በኋላ የተደረገው መውሊድ ነው። መንዙማው ያው፣ ድቤውም ያው፤ ሸሁም በልማዳቸው ያቺው ቦታ ላይ ቆሙ። ከመጋረጃው ወዲያ ግን የዘሀራን ቦታ ልትወስድ የደፈረች ሴት አልነበረችም። ያን ዕለት ዝምታው ረዘመ። ሰው ጉሮሮውን ይጠርግ ጀመር። አጠገባቸው የነበሩ ሽማግሌ ክንዳቸውን ይዘው «አይዞዎት፣ ሸሁ» እስኪሏቸው ድረስ ሸሁ አልቀጠሉም። ናጅዋ ያን ቅጂ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ ከፍታው አታውቅም። ለአባቷ ጆሮ ግን የእናቷ እልልታ ያለበትም ይሄ የሌለበትም እዚያ ቦታ ላይ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ዝም ነው የሚሉት።

«ይኼኛው ደህና ዕቃ ነው» አሉ ሸሁ። «አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ። ከእንግዲህ ወልድያ አትመላለሺ። ሱቅሽንም በኔ የተነሳ አትዝጊ። በቃ፣ አገኘናት።»

ናጅዋ ያን ሁሉ መንገድ ስትለማመደው የመጣችውን ነገር ተወችው። አባቷ ጥፋቱ የጆሯቸው እንደሆነ ያውቃሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ እንጃ፤ ብቻ ያውቃሉ፤ ልጃቸው ስለደከመች ብቻ ያልሰሙትን ሰማሁ ብለው ሊያሳርፏት ነው። እንባዋ መጣ። ሸሁ አሁንም ከፊቷ ላይ ዐይናቸውን አላነሱም።

«አንቺስ ሰማሻት አይደል?» አሏት፤ ድምፃቸው ትንሽ ፈራ አለ።

«ሰማኋት፣ አባዬ» አለች። «ጥርት ብላ ወጣች።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ሸሁ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ስፒከሩ ውስጥ ግን ሸህ አብዱልሐሊም ገና ቀጥ ብለው ዘሀራን ይጠብቁ ነበር።