ለምኚልን

ስትሮኩ የመዘምራኑን መሪ አንደበት ዘጋው። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲያዘምር የኖረ ሰው ውሃ ሲጠማው እንኳ መጠየቅ አቃተው። ሚስቱን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ እንግዳ እንደሚያይ ያያት ጀመር። እሷን ያንገበገባት ዝምታው አይደለም፤ ይወቃት አይወቃት አለማወቋ ነው።

አንድ ቀን ሸሚዙን እየቆለፈችለት የቅዱሳንን ልመና ሳታስበው አንጎራጎረች። ያን ጥንታዊ የካቶሊኮች የግሪጎርያን ዜማ፣ አንዱ የቅዱሳንን ስም ሲጠራ ያለ መሣሪያ ሁሉም በአንድ ድምፅ የሚቀበለውን።

«ቅዱስ ዮሴፍ...» አለች።

«ለምንልን» ሲል ባሏ ጥርት አድርጎ ተቀበላት። ቁልፉ ከእጇ አመለጠ።

«ብዙ ተስፋ አታድርጊ እማዬ፤ ዜማ ከንግግር በተለየ በር ነው የሚወጣው» አለቻት ነርሷ ልጃቸው። እናት ግን መች ሰምታ።

ልመናው በላቲን ሲዜም ለወንድም ለሴትም መልሱ አንድ ነበር። ዜማውን ወደ ራሳቸው ቋንቋ ያመጣው ባሏ ነው፤ ለወንድ «ለምንልን»፣ ለሴት «ለምኚልን»። መዘምራኑ ሲያምታቱት ልምምዱን አስቁሞ፣ «ቅድስት አና ጢም አወጣች እንዴ?» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። ታሞም አንዴም አልተሳሳተም።

ይኼኔ ነው አንድ ነገር የመጣላት። በደህናው ጊዜ ሲያቆላምጣት «አለቃዬ» ይላት ነበር። ቃሉ ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ መልሱን የሚለየው ማን እንደሆነች ካወቀ ብቻ ነው። ከጴጥሮስና ከጳውሎስ ቀጥላ፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ራሷን ሸጎጠች።

«አለቃዬ...»

«ለምኚልን።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከቅዱሳኑ መሃል ትሰለፍ ጀመር። በቁሜ ጸደቅኩ እያለች በራሷ ትስቃለች። በንግግር «ታውቀኛለህ?» ስትለው ዝም ነው፤ በዜማ ስትመጣ ግን «ለምኚልን»። ትዳራቸው በአንዲት ፊደል ተንጠልጥሎ ክረምቱን ወጣ።

አንድ ጠዋት «አለቃዬ...» ብላ ስትጠብቅ፣ ግድግዳውን እያየ፣ ዜማውን ቅንጣት ሳያዛንፍ፣ «ለምንልን» አለ።

ደገመችው።

«ለምንልን።»

ድምፁ እንደ ድሮው ያምራል፤ እሷ ግን የለችበትም።

«ዛሬስ መለሰልሽ?» አለች ልጅቱ ከኩሽና።

«መልሷል» አለች። ኮሌታውን አስተካከለችለት። ልመናው ገና አላለቀም ነበርና ቀጣዩን ቅዱስ ጠራች።